አንተ፣ አንቱ ወይስ ልጄ? ከ1970ዎቹ የአሜሪካ የፖሊስ ድራማዎች የቱን እንጀምር?

የአጎቴ ባለቤት ኮሎምቦን መጀመሪያ ያዩ ዕለት ገና አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ተናደዱ። እኛ ቤት «እትዬ» ነው የምንላቸው። ሜሪላንድ ነን፣ ጥር ነው፣ ውጭው በረዶ ነው፣ ከቤት የሚወጣ የለም። «አሪፍ የፖሊስ ፊልም አለ» ብዬ ያስጀመርኳቸው እኔ ነኝ። ፊልሙ ተጀመረ። አንዱ ደራሲ ሌላውን ደራሲ ገደለ። ገዳዩንም ፊት ለፊት አየነው። እትዬ ሪሞቱን አነሱ።

«ገዳዩን ካሳዩን ወዲያ ምን ቀረ? ከአንድ ሰዓት በላይ ቁጭ ብለን ምን ልናይ ነው?»

ጥፋቱ የኔ ነበር። ኮሎምቦ ገዳዩን የሚደብቅ ፊልም እንዳልሆነ አስቀድሜ መንገር ነበረብኝ። አጎቴ ደግሞ ከሶፋው ጥግ ሆነው ነገር ያባብሳሉ። «ኮጃክን አድርግላት! ፖሊስ ማለት እሱ ነው» ይላሉ።

ከዚያ ወዲህ «ከድሮዎቹ የቱን ልጀምር?» የሚለኝ ሰው ሲመጣ አንደኛ፣ ሁለተኛ እያልኩ ደረጃ አላወጣም። መልሼ እጠይቃለሁ፦ መርማሪው ሰውን እንዴት ሲያናግር ማየት ትወዳላችሁ? እንግሊዝኛው ሁሉንም «ዩ» ብሎ ይገላገላል። እኛ ግን ስናይ በሆዳችን እየተረጎምን ነው። ይሄኛው ተጠርጣሪውን አንቱ ይላል፣ ያኛው አንተ ይላል፣ ሌላው ልጄ ይላል። በዚህ መለኪያ ለሰው ስመርጥ እስካሁን ብዙም አላሳፈረኝም።

ከመግባታችን በፊት ሁለት ሦስት ነገር። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የግል መርማሪዎችን ትቻለሁ። ዘ ሮክፎርድ ፋይልስን በጣም እወደዋለሁ፣ ግን ጂም ሮክፎርድ ፖሊስ አይደለም። የቻርሊስ ኤንጅልስ ሴቶችም እንደዚያው።

ሌላው ነገር፣ እነዚህ ድራማዎች እንደ ዛሬዎቹ ታሪካቸው ከሳምንት ሳምንት ተያይዞ የሚሄድ አይደለም። በዚያ ዘመን አሜሪካ ሦስት ትልልቅ የቴሌቪዥን አውታሮች ነበሯት፦ ኤንቢሲ፣ ሲቢኤስ እና ኤቢሲ። ማክሰኞ ማታ ቤት ካልነበራችሁ የማክሰኞው ክፍል አመለጣችሁ ማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል ራሱን ችሎ ይጀምርና ራሱን ችሎ ያልቃል። በኋላ ለየከተማው ጣቢያ ሲሸጥም በፈለጉት ተራ ማሳየት ይቻል ነበር። ይሄ ለኛ ትልቅ ምቾት ነው። ከሦስተኛው ሲዝን መሃል ብትጀምሩ ግራ የሚያጋባችሁ ነገር የለም።

አንቱ ባዩ፦ ኮሎምቦ

ሌተናንት ኮሎምቦ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ የግድያ መርማሪ ነው። የሚያናግራቸው ደግሞ ሐኪም፣ ደራሲ፣ ጄኔራል፣ የኦርኬስትራ መሪ ናቸው። ቤታቸው ኮረብታ ላይ ነው፣ መዋኛ ገንዳ አለው፣ ሁሉም ሰው ያከብራቸዋል። ሁሉም ገዳይ ናቸው። እሱ የተጨማደደ ካፖርቱን ለብሶ፣ ሲጋሩን በጣቱ ይዞ ብቅ ይላል። «ይቅርታ ጌታዬ፣ አስቸገርኩዎ» ይላል። ስለ ሚስቱ ያወራል። ሚስቱን ግን አንድም ቀን አናያትም። ቤቱን ያደንቃል፣ ጫማው ስንት እንደተገዛ ይጠይቃል፣ ተሰናብቶ ይወጣል። በሩ ጋ ሲደርስ ግንባሩን ያሻሽና ዞር ይላል።

«አንዲት ነገር ብቻ ልጠይቅዎ።»

አንቱታው ትሕትና እንዳይመስላችሁ፣ ወጥመድ ነው። ገዳዩ ይንቀዋል። ስለናቀው ብዙ ያወራል። ብዙ ስላወራ ይያዛል። እትዬም ይሄ የገባቸው ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። «ሰውዬው እኮ ሞኝ መስሎ ነው!» አሉና ሪሞቱን አስቀመጡት።

ፈጣሪዎቹ ሪቻርድ ሌቪንሰን እና ዊልያም ሊንክ ናቸው። ፒተር ፎክ ገጸ ባሕሪውን መጀመሪያ የተጫወተው በ1968 በአንድ የቴሌቪዥን ፊልም ነው። መደበኛው ተከታታይ በመስከረም 1971 በኤንቢሲ ጀመረና እስከ 1978 ዘለቀ። በየሳምንቱ አይመጣም ነበር። ማክላውድ እና ማክሚላን ኤንድ ዋይፍ ከሚባሉ ሌሎች ሁለት ድራማዎች ጋር እየተፈራረቀ ነው የሚታየው። ስለዚህ በዓመት የሚሠራው ጥቂት ነው፣ ጥቂት ስለሆነም ይለፋበታል። ካፖርቱ የፎክ የራሱ ልብስ ነበር። ቀኝ ዓይኑ ሰው ሠራሽ ነው፤ ገና በሦስት ዓመቱ ነው በሕመም ያጣው። ያ የምናውቀው አተያይ በከፊል ከዚያ ይመጣል። መኪናዋ ደግሞ ጣሪያዋ የሚገለጥ ፔጆ 403 ናት። የሐረርን ታክሲዎች የሚያውቅ ሰው፣ የነዚያ 404ዎች ታላቅ እህት እንደሆነች ወዲያው ይለያታል። የሐረሮቹ ግን ከእሷ በተሻለ ይያዛሉ።

የትኛውን ክፍል? እኔ የማስጀምረው እትዬን ያናደደውን ነው፦ መርደር ባይ ዘ ቡክ፣ 1971። ዳይሬክተሩ ያን ጊዜ 24 ዓመት የሆነው ስቲቨን ስፒልበርግ ነው። አጀማመሩን ልብ በሉ። ሙዚቃ የለም። የታይፕራይተር ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። አንዱ ደራሲ ቢሮው ቁጭ ብሎ ይመታል። ሌላው በመኪና እየመጣ ነው። መኪናዋ መንገዱን ትበላለች፣ ታይፑ ይመታል፣ ማንም ምንም አይናገርም። ግን ሰውየው ለምን እንደሚመጣ ሆዳችሁ ያውቀዋል። ዛሬ ይህን በሙዚቃ ጋጋታ ያጥለቀልቁት ነበር።

ከዚያ ገዳዩ ጓደኛውን ከከተማ ወጣ ወዳለ ጎጆው ይወስደዋል። ለሚስቱ ስልክ እንዲደውልና «ቢሮ ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ» እንዲላት ያደርገዋል። እሷ በስልክ እየሰማች ተኩሱ ይሰማል። ለፖሊስ ግድያው ቢሮ ውስጥ የተፈጸመ ይመስላል። ኮሎምቦ በኋላ ከሟች ሚስት ጋር ቤቷ ገብቶ ምን ያደርጋል? እንቁላል ይጠብሳል። ሴትየዋ ምግብ አልቀመሰችም፣ ደንግጣለች፣ እሱ ኩሽና ገብቶ ኦምሌት ይሠራላታል፣ እየሠራም ይጠይቃታል። ከብዙ የተኩስ ትዕይንት ይልቅ ይሄ የእንቁላል ጥብስ ነው የማይረሳኝ። ለቅሶ ቤት ሄዶ «እስቲ እህል ቅመሺ» ያለ ሰው ሁሉ ይገባዋል።

ሁለተኛ ምርጫዬ የ1973ቱ ኤኒ ኦልድ ፖርት ኢን ኤ ስቶርም ነው። ገዳዩ ወይን ጠማቂ ነው፣ ዶናልድ ፕሌዘንስ ይጫወተዋል። እዚህ ኮሎምቦ ሰውየውን እውነትም ያከብረዋል። ለመያዝ ብሎ ስለ ወይን ይማራል፣ እየተማረ ይወደዋል። መጨረሻው ላይ መኪና ውስጥ የሚሆነውን አልነግራችሁም።

እንከኑን ደግሞ ልንገራችሁ። አንዳንዱ ክፍል አንድ ሰዓት ከሩብ ነው፣ አንዳንዱ ከአንድ ሰዓት ተኩል ያልፋል። ረጅሞቹ አንዳንዴ ይጎተታሉ። ሌላው፣ እንደ ፖሊስ ሥራ ካየነው ተረት ነው። ወረቀት የለም፣ አለቃ ብዙ አይጮህም፣ ሽጉጥ አይታጠቅም ማለት ይቻላል። ድሃ ሰውም የለም። መንገዱን፣ ሰፈሩን፣ የከተማውን ጭንቅ ማየት ከፈለጋችሁ ኮሎምቦ የናንተ አይደለም። በ1989 በኤቢሲ የተመለሰውን ክፍል ለመጨረሻ አቆዩት። በድምሩ 69 ክፍል አለ፣ ደህና ደህናው ግን ያለጥርጥር የሰባዎቹ ነው።

አንተ ባዩ፦ ኮጃክ

ቴዎ ኮጃክ ለማንም አንቱ አይልም። ወንበዴውን አንተ፣ አለቃውን አንተ፣ የባንክ ፕሬዚዳንቱን አንተ። ራሱ የተላጨ ነው፣ ሱፉ የተተኮሰ ነው፣ አፉ ውስጥ ሎሊፖፕ አለ። ቴሊ ሳቫላስ ሎሊፖፑን ያስገባው ከሲጋራ ለመላቀቅ ብሎ ነው፣ ከዚያ የገጸ ባሕሪው መታወቂያ ሆኖ ቀረ። የግሪክ ስደተኞች ልጅ ነው፣ ኮጃክም ግሪክ ነው። ስታቭሮስ የሚባለው ጠጉረ ጥቅልሉ፣ አበባ ማሳደግ የሚወደው መርማሪ የሳቫላስ የሥጋ ወንድሙ ጆርጅ ነው።

ተከታታዩ ከጥቅምት 1973 እስከ መጋቢት 1978 በሲቢኤስ ታየ፣ 118 ክፍል ነው። አብዛኛው የተቀረጸው ሎስ አንጀለስ ስቱዲዮ ውስጥ ሆኖ ለውጪው ትዕይንት ኒው ዮርክ እየተሄደ ነው። ቢሆንም የኒው ዮርክን ጠረን ይዟል። ከተማዋ በ1975 ለኪሳራ አንድ ሐሙስ የቀራት ጊዜ ነበር፣ የመንገዱ ቆሻሻና የሰው ቁጣ ይታያል።

ተራ ክፍሎቹ ይመሳሰላሉ፣ አልዋሽም። አምስቱን ካያችሁ ስድስተኛው አያስደንቃችሁም። የሚለየው ሁሉም የተነሳበት የቴሌቪዥን ፊልም ነው፦ ዘ ማርከስ ኔልሰን መርደርስ፣ መጋቢት 1973። ኮጃክን ባትወዱት እንኳን ይሄን አንድ እዩ።

ታሪኩ በእውነተኛ ጉዳይ ላይ የቆመ ነው። በነሐሴ 1963 ማንሃታን ውስጥ ሁለት ወጣት ሴቶች አፓርታማቸው ውስጥ ተገደሉ። በሚያዝያ 1964 የብሩክሊን ፖሊስ ጆርጅ ዊትሞር የተባለ ጥቁር ወጣት ያዘና ብዙ ሰዓት ሲመረምረው ቆየ። በመጨረሻ የእምነት ቃል ላይ አስፈረሙት። ኪሱ ውስጥ የተገኘው ፎቶ ከሟቾቹ የአንዷ ነው ተባለ። አልነበረም። ግድያውንም እሱ አልፈጸመውም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1966፣ ፖሊስ ለያዘው ሰው ዝም የማለት መብት እንዳለው እንዲነግር ባስገደደበት በዝነኛው የሚራንዳ ውሳኔው ውስጥ፣ ስሙን ሳይጠራ፣ ይህንኑ ጉዳይ በግርጌ ማስታወሻ ጠቅሶታል።

አቢ ማን የተባለ ደራሲ የጻፈው ፊልም ኮጃክን የሚያስገባው እዚህ መሃል ነው። ፖሊሱ የገዛ ባልደረቦቹ ያወጡትን የእምነት ቃል ሲጠራጠር እናየዋለን። ይሄ በ1973 ቀላል ነገር አልነበረም። እዚያ ፊልም ላይ የኮጃክ አንተታ ጉልበት ያገኛል፣ ምክንያቱም አንተ እያለ የሚጮኸው ከሱ በላይ ባሉት ላይ ነው።

«ዝም የማለት መብት አለህ» የሚለውን ነገር ብዙዎቻችን ከሕግ ሳይሆን ከቴሌቪዥን ነው የለመድነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት እንዳለው፣ የሚሰጠው ቃል ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችልም በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው ይደነግጋል። አጎቴ ይህን ስነግራቸው «እሱንም ኮጃክ ነው ያመጣው?» ብለው አሾፉብኝ።

ልጄ ባዩ፦ ዘ ስትሪትስ ኦፍ ሳን ፍራንሲስኮ

ሰው ሁሉ ስለ ኮሎምቦና ኮጃክ ሲከራከር ይህኛው ይረሳል። ካርል ማልደን ማይክ ስቶንን ሆኖ ሲጀምር 60 ዓመቱ ነበር። ረዳቱን ስቲቭ ኬለርን የሚጫወተው ገና ስም ያላወጣው ማይክል ዳግላስ ነው። አንጋፋው ከሥራ የተማረ፣ ወጣቱ ኮሌጅ የጨረሰ። ማይክ ሲጠራው «በዲ ቦይ» ይለዋል። በአማርኛ «ልጄ» ካልሆነ ሌላ ምን ይሆናል? ሲቆጣውም ልጄ፣ ሲያመሰግነውም ልጄ፣ ሲፈራለትም ልጄ።

በኤቢሲ ከ1972 እስከ 1977 ታየ። ቀረጻው እውነተኛው ሳን ፍራንሲስኮ መንገድ ላይ ነው፣ ስሙም ይናገራል። ዳገቱን መኪና ሲወጣው ሞተሩ ሲያቃስት ይሰማል። የባሕሩ ጉም፣ የወደብ ሠራተኛው፣ ከእንጨት የተሠሩት ቤቶች፣ ሁሉም አለ። ፕሮዲዩሰሩ ኩዊን ማርቲን ደግሞ አንድ ልማድ ነበረው። እያንዳንዱ ክፍል እንደ ቲያትር ገቢር አንድ፣ ገቢር ሁለት እየተባለ በጽሑፍ ይከፈላል፣ መጨረሻ ላይም የመዝጊያ ክፍል አለው። ቡና አፍልታችሁ የምታዩ ከሆነ በጣም ይመቻል፤ አቦሉን በአንደኛው፣ ቶናውን በሦስተኛው።

ከአንደኛው እስከ አራተኛው ሲዝን ያለውን ያዙ። ማይክል ዳግላስ አምስተኛው መጀመሪያ ላይ ይወጣል። ፕሮዲዩስ ያደረገው ዋን ፍሉ ኦቨር ዘ ኩኩስ ኔስት በ1976 ኦስካሩን ወስዶ ስለነበር ሰውየው ወደ ሲኒማው ጠቅልሎ ሄደ። እሱን የተካው ተዋናይ ሪቻርድ ሃች ጥፋት የለበትም፣ ግን «ልጄ» የሚለው ቃል ከአባትየው አፍ ቀዘቀዘ። አምስተኛውን የግድ ካያችሁ አርኖልድ ሽዋዜኔገር ጡንቸኛ ሆኖ የሚመጣበትን ክፍል እዩ፣ ለሳቅ።

አባትና ልጅ አብረው የሚያዩት ነገር ከፈለጉ የመጀመሪያ ምርጫዬ ይሄ ነው። ከኮሎምቦም አስቀድመዋለሁ።

ጓደኛሞቹ፦ ስታርስኪ ኤንድ ሃች

እነዚህ ደግሞ እርስ በርስ አንተ መባባሉም ይከብዳቸዋል። ሰፈር ውስጥ አብሮ አደግ ወንዶች ሲቀላለዱ አንቺ፣ እቺ እንደሚባባሉት ዓይነት ቅርበት ነው። ፖል ማይክል ግሌዘር እና ዴቪድ ሶል። ቤይ ሲቲ የምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ውስጥ ይሠራሉ፤ ከተማዋ የፈጠራ ናት። ከ1975 እስከ 1979፣ ኤቢሲ፣ አራት ሲዝን።

ታሪኩ ብዙ አይጨንቃችሁ። መኪናዋ ናት ነገሩ። ቀይ ፎርድ ግራን ቶሪኖ፣ ጎኗ ላይ ነጭ መስመር። ሃች «ባለመስመሯ ቲማቲም» እያለ ይሰድባታል። እንግዲህ በድብቅ የሚከታተል ፖሊስ እንዲህ ያለ መኪና ይዞ የት ሊደበቅ ነው? ማንም አይጠይቅም። እኛም አንጠይቅ። በጭቅጭቃቸው ነው የሚታየው፣ በመኪናው ማሽከርከርና በሃጊ ቤር። ሃጊ ቤርን አንቶኒዮ ፋርጋስ ነው የሚጫወተው፣ ወሬ አቀባያቸው፣ አለባበሱ ብቻውን አንድ ትርኢት ነው።

የመጀመሪያውን ሲዝን ምረጡ። በኋላ በቴሌቪዥን ዱላና ተኩስ በዛ የሚል ተቃውሞ ሲነሳ ድራማው ለስለስ ተደረገ፣ ጨውም ጎደለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሳት አለብኝ። የሰባዎቹን የፖሊስ ድራማ ስታዩ ጥቁር ተዋናይ አብዛኛውን ጊዜ ወይ የሚቆጣ አለቃ ነው ወይ የመንገድ ወሬ አቀባይ። ስታርስኪ ኤንድ ሃች ሁለቱንም አሟልቶ ይዟል፦ ካፒቴን ዶቢ እና ሃጊ ቤር። ልዩነት የነበረው ጌት ክሪስቲ ላቭ ነው። ቴሬሳ ግሬቭስ የምትባል ጥቁር ሴት የመሪነቱን ቦታ ይዛ በ1974 ጀመረች፣ በ1975 አለቀ። ድራማው ራሱ ደካማ ነው፣ ግን እሷን ለማየት አንድ ሁለት ክፍል ይገባዋል።

አዛዡ፦ ሃዋይ ፋይቭ-ኦ

ስቲቭ ማክጋሬት አያናግርም፣ ያዛል። ጃክ ሎርድ በዚያ ሁሉ የሃዋይ ሙቀት ሱፍ ለብሶ፣ ጸጉሩ ሳይነቃነቅ ይዞራል። ወንጀለኛው ሲያዝ ረዳቱን ዞር ብሎ «ቡክ ኤም፣ ዳኖ» ይለዋል፣ መዝግበው እንደማለት። ድራማው ከ1968 እስከ 1980 በሲቢኤስ 12 ሲዝን ቆየ። ሃዋይ በ1959 50ኛዋ ግዛት ስለሆነች ነው ፋይቭ-ኦ የተባለው። ቃሉ ከቴሌቪዥኑ አምልጦ ወጥቶ የአሜሪካ ጎረምሶች ፖሊስን የሚጠሩበት ቅጽል ሆኗል። እዚህ ያደጉት ልጆቻችን ከራፕ ዘፈን ሰምተውት ይሆናል፣ ከየት እንደመጣ ግን አያውቁም።

ሙዚቃውን ሞርተን ስቲቨንስ ነው የደረሰው። እውነቱን ልናገር፣ ሙዚቃው ከድራማው ይበልጣል። ከበሮው ሲጀምር፣ ማዕበሉ ሲነሳ፣ ለአንድ ደቂቃ በዓለም ላይ እንደዚህ የሚያምር ነገር የለም። ከዚያ ማክጋሬት ይመጣና ፊቱን ያጠቁራል። ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ነውና ዎ ፋት የሚባል የቻይና ሰላይ በየጊዜው ብቅ ይላል፣ የሚያዘውም በመጨረሻው ክፍል ነው። ቺን ሆን የሚጫወተው ካም ፎንግ ከተዋናይነቱ በፊት የሆኖሉሉ ፖሊስ ሆኖ 16 ዓመት ሠርቷል፤ ስለዚህ ቡድኑ ውስጥ ካቴና አያያዝ የሚያውቅ ቢያንስ አንድ ሰው አለ። ባሕርና ፀሐይ ለናፈቀው የክረምት ማታ ጥሩ ነው። ከሁለት ክፍል በላይ በተከታታይ አልመክርም።

ማንም ያልነገራችሁ፦ ፖሊስ ስቶሪ

አሁን ወደ ልቤ መጣሁ። ኮሎምቦ ይበልጥ ያስደስተኛል። ግን «ስለ ፖሊስ ሥራ እውነት የሚናገር የቱ ነው?» ከተባልኩ መልሴ ፖሊስ ስቶሪ ነው። በኤንቢሲ ከ1973 እስከ 1978።

ያመጣው ጆሴፍ ዋምባው ነው፣ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ መርማሪ ሳጅን። ማታ ማታ ልብ ወለድ ይጽፍ ነበር። መጽሐፎቹ ዝነኛ ሲሆኑ ዝናው ሥራውን አላሠራው አለና በ1974 ለቀቀ። ድራማው ቋሚ ጀግና የለውም። በየሳምንቱ ሌላ ፖሊስ፣ ሌላ ክፍል፣ ሌላ ጣጣ ነው። ስለዚህ የኔ የአንተና የአንቱ መለኪያ እዚህ አይሠራም። አንዱ ፖሊስ ለሰካራሙ አንቱ ይላል፣ ለሚስቱ ግን ቃል አይወጣውም። ሌላው ከፈረቃ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ብቻውን ይቀመጣል፣ ቤት መግባት አቅቶት። ወንጀለኛውን መያዝ ሁለተኛ ጉዳይ ነው። ጥያቄው ሥራው በሠራተኛው ላይ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። መጠጥ፣ ፍቺ፣ ፍርሃት፣ ከጡረታ በፊት ያለው ባዶነት። ሌሊት የሚሠራ ሰው፣ ጥበቃም ይሁን ነርስ ወይም ታክሲ ነጂ፣ ያን ፊት ሲያይ ያውቀዋል።

በ1976 የዓመቱ ምርጥ ድራማ ተብሎ ኤሚ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ወስዷል። ግን ቋሚ ፊት ስለሌለው ካፖርትም ሎሊፖፕም የለውም፣ ሰውም ረሳው። ሲገኝ እንኳን ጥራቱ እኩል አይደለም፣ አንዱ ክፍል ልብ ይሰብራል፣ ቀጣዩ ያስተኛል። ታገሡት።

ፖሊስ ውማን የወጣው ከዚህ ነው። አንጂ ዲኪንሰን በፖሊስ ስቶሪ አንድ ክፍል ላይ ታየች፣ ተወደደችና በመስከረም 1974 የራሷን ተከታታይ አገኘች። ሴት ፖሊስን ወደ ፊት ያወጣ ነውና ታሪክ አለው። የማይጥመኝ ነገር ግን ሳጅን ፔፐር አንደርሰን ከመርማሪነቷ ይልቅ በየሳምንቱ ልብስ እየቀየረች ማጥመጃ መሆኗ ነው። ተዋናይቷ ከተሰጣት ሥራ ትበልጥ ነበር።

የቀሩት በአጭሩ

አዳም-12 ከ1968 እስከ 1975 በኤንቢሲ የታየ ነው። ግማሽ ሰዓት ብቻ ይወስዳል። ሁለት ፖሊሶች በፓትሮል መኪና ይዞራሉ፣ በሬዲዮ ይጠራሉ፣ ይሄዳሉ። የጠፋ ልጅ፣ የጎረቤት ጠብ፣ ዘረፋ። የሬዲዮዋ ድምፅ የእውነተኛ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ኦፕሬተር ድምፅ ነው። እንግሊዝኛ ለሚለማመድ ሰው ከሁሉም ይሻላል፣ ንግግሩ አጭርና ጥርት ያለ ነው። ግን ከፖሊስ መሥሪያ ቤቱ ጋር ተባብሮ የተሠራ ስለሆነ ፖሊሱ አይሳሳትም። ለምክር ያህል፦ ማርቲን ሚልነር እዚህ መኪናውን የሚነዳው ፖሊስ ነው፤ መርደር ባይ ዘ ቡክ ላይ ደግሞ ታይፑን ሲመታ የነበረው ሟች እሱ ነው። አንድ ማታ ሁለቱን አከታትላችሁ ብታዩ ትስቃላችሁ።

ባሬታ፦ ሮበርት ብሌክ፣ ትከሻው ላይ ነጭ በቀቀን፣ የሳሚ ዴቪስ ጁኒየር ዘፈን። ዘፈኑን ስሙት፣ ይበቃል። ስዋት፦ ለአንድ ዓመት ያህል ብቻ ቆየ፣ ሙዚቃው በ1976 የአሜሪካ የዘፈን ሰንጠረዥ አናት ላይ ወጣ፣ ድራማው ግን በር መስበር ነው። ቺፕስ፦ ሞተር ብስክሌት፣ አውራ ጎዳና፣ ጥርስ። ለልጆች ይሆናል። ባርኒ ሚለር ኮሜዲ ስለሆነ እዚህ አይገባም፣ ግን ከጣቢያው ሳይወጡ፣ ቡናቸው መጥፎ እንደሆነ እያማረሩ ቀኑን የሚገፉት መርማሪዎች ከብዙዎቹ ቁምነገረኞች የበለጠ ፖሊስ ይመስላሉ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ብቻችሁን ከሆናችሁና ጊዜ ካላችሁ፣ ኮሎምቦ። ከአባታችሁ ጋር ከሆናችሁ፣ ሳን ፍራንሲስኮ። ከጓደኛ ጋር ከሆነ፣ ቀይዋ መኪና። ከሥራ ደክማችሁ መጥታችሁ እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ፖሊስ ስቶሪ። የኮጃክን የመጀመሪያ ፊልም ግን በማንኛውም ማታ።

እኛ ቤት አሁንም ስምምነት የለም። አጎቴ ኮጃክን ከፍተው እትዬ ከገቡ «ያንን ስድ አጥፋው» ይባላሉ። እትዬ ደግሞ ኮሎምቦ በር ጋ ሲደርስ ከኩሽና ሆነው ይሰሙና ቢላውን እንደያዙ ብቅ ይላሉ። «ቆይ፣ አሁን ይመለሳል።»